ተማሪን ስለሚረዳ ዜማና መጽሐፍ

ዱሮ ወላጅ ለልጁ የትምህርት ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ የሚጠየቀው ደብተርና ብርዕ ነበር። ዛሬ ግን ልጁ ከእነዚህ ጋራ በጆሮ የሚሰካ የሙዚቃ ማዳመጫ እንዲጨመርለት ይለምናል፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅም «ሙዚቃ እየሰማሁ ሳጠና ትምህርቱ ቶሎ ይገባኛል» ብሎ ይመልሳል። አባትየው ነገሩ እውነት ይሁን ሐሰት የሚያስረዳው ሰው ስለማያገኝ፣ ወይ ተቈጥቶ ይከለክለዋል፣ ወይ ዝም ብሎ ይገዛለታል። በመጽሐፍም በኩል እንዲሁ ነው። አንዱ ነጋዴ «ይህን ያነበበ ፈተናውን ያልፋል» ሲል ሌላው የራሱን ያመሰግናል፤ በመካከሉ ወላጅ ገንዘቡን፣ ተማሪ ጊዜውን ያወጣል። ስለዚህ ተማሪን በእውነት የሚረዳው ዜማ የትኛው፣ የሚረዳውስ መጽሐፍ የትኛው እንደ ሆነ፣ የአባቶቻችንን ልማድ የውጭ አገር ሊቃውንት መርምረው ካገኙት ጋራ አስተያይቶ ማመልከት የሚጠቅም ሥራ መስሎ ታይቶናል።

ነገሩንም በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ላይ አድርገን እንመልከተው። አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የጂቡቲ ምድር ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ናዝሬት ተብላ ትጠራ ነበር፤ ኋላ ግን የቀድሞ ስሟ ተመልሶላታል። በ1985 ዓ.ም. የቴክኒክ ኮሌጅ ተቋቋመባት፤ ያም ኮሌጅ እያደገ ሄዶ በ1998 ዓ.ም. የአዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። ከቢሾፍቱና ከሞጆ፣ ከመቂና ከዝዋይ፣ ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ ስንት ልጅ ወደዚህ ዓይነቱ ደጅ ለመግባት ይመኛል። ዳሩ ግን እነዚህ ከተሞች ሁሉ በታላቅ መንገድ ዳር የተቈረቈሩ ስለ ሆኑ፣ መንገዱ ሀብትን ሲያመጣላቸው ጩኸትንም አብሮ አምጥቶባቸዋል። ከባዱ መኪና በሌሊት ያልፋል፤ ባጃጁ በየጉራንጉሩ ይጮኻል፤ ሱቁና ምግብ ቤቱ ገበያተኛ ለመጥራት የድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ያስጮኸዋል። የብዙውም ድኻ ልጅ ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ቴሌቪዥን ይታያል፣ እዚያው ይጠናል።

የጉዳዩ ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ ከፈተናው ውጤት ይታወቃል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው፣ ኵረጃ በጥብቅ ተከልክሎ፣ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ተፈተኑ። ውጤቱ በተገለጸ ጊዜ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነዋል። ቍጥሩ ከፍ እያለ መሄዱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ወድቀው መቅረታቸው ማንኛውንም አሳቢ ሰው እንቅልፍ የሚነሣ ነው። ይህ ሁሉ ከሙዚቃ የመጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር እንደ ተሳሳተ እንነግረዋለን፤ የመምህር ጕድለት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የድኽነት ችግር እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። እነዚህን ለማቃናት ግን ብዙ ዘመንና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ተማሪው በማታ የሚያገኛትን ሁለትና ሦስት ሰዓት በደንብ እንዲጠቀምባት ማስተማርና መርዳት ግን ዛሬውኑ ሊሠራ የሚቻል ነው።

እንግዲህ ከሙዚቃው እንጀምር። ሙዚቃ አእምሮን ያሰላል የሚለው ወሬ በዓለም ላይ የተነዛበት ምክንያት አለው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1993 በአሜሪካ ሦስት ተመራማሪዎች 36 የኮሌጅ ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ሞዛርት የተባለው የኦስትሪያ የሙዚቃ ሊቅ ለሁለት ፒያኖ የደረሰውን ዜማ ለ10 ደቂቃ አሰሟቸው። ተማሪዎቹም ወዲያው ቅርጽን በአሳብ እያገላበጡ የሚመልሱት ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ በጸጥታ ከተቀመጡበት ጊዜ የተሻለ መለሱ። ብልጫው የቆየው ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ነበር። ይህች ትንሽ ነገር በጋዜጣ ስትነገር አደገች፤ በ1998 የጆርጂያ ክፍለ አገር ገዥ ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ የሙዚቃ ቅጂ እንዲታደል 105,000 ዶላር በበጀት እስኪጠይቁ ድረስ ደረሰች። በማግሥቱ ዓመት ግን ሌሎች ሊቃውንት የምርመራዎቹን ውጤት ሰብስበው ቢመዝኑት ጥቅሙ ከቍጥር የማይገባ ሆኖ አገኙት። እንዲያውም በዚያው ዓመት በካናዳ የተደረገ ምርመራ፣ ተረት የሚወድ ሰው ተረት ቢሰማም ያችኑ የመሰለች ብልጫ እንደሚያገኝ አሳየ። ስለዚህ ምሥጢሩ በዜማው ውስጥ አልነበረም፤ ደስ ያለው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይነቃቃል ማለት ብቻ ነው።

ይህ ከጥናት በፊት ስለሚሰማ ሙዚቃ ነው። በንባብ ላይ እያሉ የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። በ2014 በፈረንጆች አቈጣጠር በብሪታንያ አገር የተደረገ ምርመራ፣ ቃል ያለው ዘፈን እየሰሙ ያነበቡ ተማሪዎች፣ በጸጥታ ወይም ቃል በሌለው ሙዚቃ ካነበቡት ይልቅ ያነበቡትን የማስተዋል ችሎታቸው እንደ ቀነሰ ገልጿል። የሚያስገርመውም ተማሪው ዘፈኑን ቢወደውም ባይወደውም ጕዳቱ አለመቅረቱ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ጆሮ የሚያመጣው ቃልና ዓይን የሚያመጣው ቃል ሁለቱም በአንድ በር ሊገቡ ይጋፋሉና ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንደ ተባለው፣ ጆሮና ዓይን ሁለት ቢሆኑም ቃልን የሚቀበለው ልቡና አንድ ነው።

ይህን ስንል ዘፋኞችን መንቀፋችን አይደለም። የኦሮምኛን ዘፈን በዓለም ያስታወቀው፣ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በዚያችው በአዳማ ከተማ ያረፈው አሊ ቢራ፣ የሰሚውን ልብ የሚስበው በዜማው ብቻ ሳይሆን በቃሉ ጭምር ነው። በሻሸመኔም ከጃማይካ የመጡት ሰዎች የያዙት የሬጌ ሙዚቃ መልእክት የሚነገርበት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ሙሉ ጆሮ ይገባዋል። ፊዚክስ እያነበበ የሚያዳምጠው ልጅ መጽሐፉንም ዘፋኙንም ያጎድልባቸዋል፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን ጊዜ ቢሰጥ ግን ከሁለቱም ይጠቀማል።

ከሙዚቃም የባሰው ተማሪው ሳይፈልገው በግድ የሚሰማው ጩኸት ነው። ስለዚህ ነገር ለሹማምንት ሁሉ ሊነገር የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። በኒው ዮርክ ከተማ ከፍ ብሎ በተሠራ የባቡር ሐዲድ አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት ነበረ። አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ የሥነ ልቡና መምህርት ከባልደረባቸው ጋራ ሆነው በ1975 በፈረንጆች አቈጣጠር የንባብ ውጤት ቢያመሳክሩ፣ በሐዲዱ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩት ልጆች፣ በዚያው ትምህርት ቤት ጸጥ ባለው ወገን ከሚማሩት በንባብ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ፤ በ6ኛ ክፍል ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት ትምህርት የሚጠጋ ነበር። ኋላ በሐዲዱ ሥር ላስቲክ ተነጠፈ፤ የክፍሎቹም ጣሪያ ድምፅ በሚውጥ ነገር ተለበጠ። በ1981 ሁለተኛ ሲመረመር የሁለቱ ወገን ልጆች በንባብ ተካከሉ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ አድርገህ ተመልከተው፤ ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ የተወገደው ጩኸቱ ብቻ ነው።

እንግዲያው ዜማ ለትምህርት አይረዳም ወይ? ቢባል፣ ይረዳል፤ እጅግም ይረዳል። የሚረዳው ግን ዜማው ራሱ ትምህርቱን የተሸከመ እንደ ሆነ ነው። ይህን ለካህናት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም በአጎቱ በጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት ጠንቶበት፣ ቅጣቱም በዝቶበት ሸሽቶ እንደ ሄደ፤ ከዛፍ ሥርም ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ሲወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው እንደ ወጣ አይቶ ወደ መምህሩ እንደ ተመለሰ ገድሉ ይተርካል። የኢትዮጵያ ዜማ አባት አስቀድሞ ያልገባው ተማሪ ነበር ማለት ነው። ከእርሱ የመጡት ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እየተዜሙ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፉ እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። የዜማውን ምልክት በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠርተውታል፤ ቢሆንም ምልክቱ አስቀድሞ በቃሉ ለያዘ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ላልያዘው ብቻውን አያዜምለትም። ይህን ያህል ብዙ ቃል በሰው ልብ ውስጥ ሊቀመጥ የቻለው ዜማው እንደ ገመድ አያይዞ ስለ ጠበቀው ነው።

በእስላሞችም ዘንድ ቁርኣንን በቃሉ የሚይዘው ልጅ በዜማ እያነበበ ይይዘዋል። በኦሮሞም ሕዝብ ዘንድ የዘር ሐረግ፣ ታሪክና ምክር በግጥምና በዜማ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። እንግዲህ የዛሬው ተማሪ የኬሚስትሪውን ስም፣ የሒሳቡን ደንብ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል በገዛ ድምፁ ዜማ አውጥቶለት ቢያንጐራጕረው፣ የአባቶቹን መንገድ መከተሉ ነው። በማዳመጫ ከሚሰማው የሰው ዘፈን ይልቅ ይህች የራሱ እንጕርጕሮ ትረዳዋለች።

ከዚህ ጋራ ሌላ ጥበብ አለ። የዜማ ቤት ተማሪ ቀን ከመምህሩ አፍ የተቀበለውን ቀለም ሌሊት መብራትም መጽሐፍም ሳይኖረው በጨለማ ተቀምጦ ይከልሰዋል፤ የጠፋበትን ሲነጋ ጠይቆ ያቀናል። ይህን ልማድ ድኽነት ያመጣው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን በ2006 በፈረንጆች አቈጣጠር ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አስጠኑ። በአንደኛው መንገድ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ በሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ ተነብቦ ከተከደነ በኋላ ተማሪው የሚያስታውሰውን ይጽፋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት ከመቶ 81፣ ከድነው የጻፉት ከመቶ 75 አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ሲወርዱ ከድነው የጻፉት 56 ያዙ። እንግዲህ ደጋግሞ ማንበብ ዐወቅሁ የሚያሰኝ ማታለያ አለበት፤ ከድኖ ራስን መጠየቅ ግን ያስቸግራል፣ ቢሆንም ያጸናል። የዜማ ቤቱ ተማሪ ይህን ሳይነገረው ሲሠራበት ኖሯል።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። የሚረዳ መጽሐፍ ማለት ብዙ መጽሐፍ ማለት አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ ደሴት በቱሉ ጉዶ በሚገኘው በደብረ ጽዮን የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ኖረዋል፤ በዮዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽተው የመጡ አባቶች እንዳመጧቸውም በአፈ ታሪክ ይነገራል። በብራናው ዘመን አንዲት መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳና የብዙ ወር ድካም ዋጋ ነበረች፤ ስለዚህ ተማሪው ዳዊትን ቢያገኝ 150ውን መዝሙር እስኪያውቀው ድረስ ይመላለስበት ነበር። የዛሬው ልጅ በስልኩ ውስጥ መቶ መጽሐፍ ይዞ አንዱንም አይጨርስም። ለተማሪ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የክፍሉ መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ናቸው፤ እነዚህ ግን መልሱን ለማየት ሳይሆን ከድኖ ራስን ለመጠየቅ ይሁኑ።

ሦስተኛው መዝገበ ቃላት ነው፤ ይህም በኦሮሚያ ከተሞች ልዩ ምክንያት አለው። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ፣ አንዳንዱም በአማርኛ ይማርና፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በዚያ ጊዜ የሚከብደው የሥነ ሕይወቱ አሳብ ሳይሆን አሳቡ የለበሰው ቋንቋ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል ከእናት ቋንቋው ትርጕም ጋራ የሚጽፍበት አንድ ደብተር ቢኖረው፣ ያ በገዛ እጁ የጻፈው መዝገብ ከገበያ ከሚገዛው የፈተና ማለፊያ መጽሐፍ ሁሉ ይበልጥበታል። ቋንቋን ለትምህርት ማመቻቸት ቀድሞም የታሰበበት ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1894 ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳትመው ነበር፤ በውስጡም ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቀውን ተረትና ምሳሌ፣ ግጥምና ዘፈን አስገቡበት። ልጅ አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን በዓይኑ ሲያገኘው ንባብ ቶሎ እንደሚቀለው ተረድተው ነበርና፣ ዜማና መጽሐፍ ተረዳድተው የሚሠሩበትን መንገድ አስቀድመው አሳይተዋል።

ከዚህ በላይ የተነገረውን ሰብስቦ ለተማሪው የማታ ሥርዐት ማውጣት ይቻላል። ከትምህርት ቤት ደክሞ ሲመለስ የሚወደውን ዘፈን ለ10 ደቂቃ ቢሰማ መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ ማዳመጫውን አውልቆ፣ ስልኩንም ከአጠገቡ አርቆ ያንብብ። አንድ ምዕራፍ ሲፈጽም መጽሐፉን ከድኖ ያስታወሰውን ይጻፍ፣ ወይም ለታናሹ ያስተምር። በቃል የሚያዘውን በዜማ ያንጐራጕር። ያንኑ በማግሥቱና ከሳምንት በኋላ ደግሞ ራሱን ይጠይቅ። የጐረቤት ጩኸት እንቢ ብሎ ያስቸገረው እንደ ሆነ ቃል የሌለበትን ዜማ ዝቅ አድርጎ ቢከፍት ክፉን በሚሻል ክፉ መከላከል ነው፤ ለዚህም የዋሽንትና የክራር ዜማ፣ ወይም በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ የተጫወቱት ይስማማዋል። ቢሆንም ከሁሉ የሚሻለው ጸጥታ ነው፤ ጸጥታውን ግን ድኻ ልጅ ብቻውን ሊያገኘው አይችልም።

ስለዚህ ነገራችንን ወደ ሹማምንት እናደርሳለን። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 የድምፅን ነገር ከብክለት ጋራ ቈጥሮታል፤ እንግዲህ ሥልጣኑ አለ፣ የሚያስፈልገው ፈቃዱ ነው። የሱቅና የምግብ ቤት ድምፅ ማጉያ ወደ ውስጥ እንዲዞር፣ በትምህርት ቤት አጠገብም፣ ይልቁንም በፈተና ወራት፣ በምሽት እንዲዘጋ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ደግሞ በየቀበሌው ትምህርት ቤት አለ፤ ክፍሎቹም በማታ ተቈልፈው ያድራሉ። ከእነዚህ ሁለቱና ሦስቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በመብራትና በዘበኛ ቢከፈቱ፣ በመጋዘን የተቀመጠውም መማሪያ መጽሐፍ እዚያው ቢቀርብ፣ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ የሆነ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ካስተማረ ሰው ልጅ ጋራ ሊወዳደር ይችላል። ወጪውም የአንድ አምፖልና የአንድ ሰው ደመወዝ ነው።

ለካህናትም የምንለው አለ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተግሣጽ ከእናንተው ዘንድ የወጣ ነው። አቡነ ጎርጎርዮስ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ ሳሉ በዝዋይ የካህናት ማሠልጠኛ አደራጅተው፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ በአንድ ቦታ እንዲማር ያደረጉት፣ ሁለቱ ትምህርት የሚተጋገዝ መሆኑን ዐውቀው ነው። እናንተም ቀለም እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴትስ እንደሚከለስ ለዘመናዊው ተማሪ ብታስተምሩት በብዙ ትጠቅሙታላችሁ። የደብሩ አዳራሽ አገልግሎት በሌለበት ማታ ለንባብ ቢከፈት መልካም ነው። የድምፅ ማጉያውም ነገር ይታሰብበት፤ ሱቁን ዝም በል ለማለት የሚደፍር ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ አስቀድሞ የራሱን ማጉያ ወደ ምእመናኑ ያዞረ ነው። ቅዱስ ያሬድ ያለ ማጉያ አዜመ፤ ዜማውም እስከ ዛሬ ይሰማል።

በአዳማ መንገድ ዳር በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ የሚያነብ ልጅ ዛሬ ማታም አለ። እርሱ የሚፈልገው ሙዚቃ ሳይሆን ሦስት ሰዓት ጸጥታ፣ አንድ መብራት፣ አንድ መጽሐፍ ነው። ይህን ልንሰጠው እንችላለን፤ የቀረውን እርሱ እንደ ያሬድ ትል ወድቆም ተነሥቶም ይወጣዋል።